በጦር መሣሪያ መብት ላይ በአደባባይ ለመከራከር፦ አሳማኝና አክባሪ አስተያየት የማዘጋጀት መመሪያ

በአሜሪካ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በአናፖሊስ፣ የቨርጂኒያው ደግሞ በሪችመንድ፣ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሁለተኛው ረቡዕ ጉባኤያቸውን ይከፍታሉ፤ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ሳይነሣ ያለፈበት ጉባኤ ማግኘትም ያስቸግራል። በእነዚህ ረቂቅ ሕጎች ላይ አስተያየት መስጠት የጠበቆችና የማኅበራት መሪዎች ሥራ ብቻ አይደለም። በሞንጎመሪ ወይም በፌርፋክስ ካውንቲ የሚኖር፣ ሌሊት ሱቁን ብቻውን የሚጠብቅ ባለ ንግድም ሆነ ልጇን በጥይት ያጣች እናት በኮሚቴ ፊት ቀርበው መናገር ይችላሉ። እዚህ ባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ሊደመጡ ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ይህን መመሪያ የጻፍኩት መብቱ እንዳይነካ ለሚከራከረውም፣ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግ ለሚለውም ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ማንን ለማሳመን እንደሚናገሩ ይወስኑ። ከጀርባዎ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡት አስቀድመው ያመኑ ናቸው፤ በተቃራኒው ወገን ሆነው የመጡትም በሁለት ደቂቃ ንግግር አቋማቸውን አይለውጡም። የእርስዎ አድማጭ ገና ያልወሰነው የኮሚቴ አባልና ስብሰባውን በቪዲዮ የሚከታተለው ጎረቤትዎ ነው። ይህ ሰው የሚያዳምጠው ደግሞ የሌላውን ወገን ጭንቀት በሚገባ ተረድቶ የራሱን ሐሳብ የሚያቀርብን ተናጋሪ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የተነሡት ከዚህ ነጥብ ነው።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ያጥብቡ

"መሣሪያ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?" የሚል ረቂቅ ሕግ በየትኛውም ኮሚቴ ፊት አይቀርብም። የሚቀርበው፣ ለምሳሌ፣ ልጅ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚያዝ፣ ወይም ሽጉጥ ለመግዛት የሚያበቃውን ዕድሜ ከፍ የሚያደርግ፣ ወይም መሣሪያ ይዞ መግባት የሚከለከልባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር ረቂቅ ነው። ስለዚህ የረቂቁን ቁጥር ይያዙ፣ ጽሑፉን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ አውርደው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፣ የሚደግፉትን ወይም የሚቃወሙትን አንቀጽ ያስምሩበት። ብዙ ተናጋሪዎች የዜና ርዕስ ብቻ አንብበው ስለሚመጡ፣ አንቀጽ ጠቅሶ የሚናገር ሰው ወዲያውኑ ተለይቶ ይታወቃል።

በሜሪላንድ አስተያየት ለመስጠት ሲመዘገቡ "እደግፋለሁ"፣ "ማሻሻያ ተደርጎበት እደግፋለሁ" ወይም "እቃወማለሁ" ብለው አቋምዎን እንዲያስታውቁ ይጠየቃሉ። መካከለኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሥራ ፍሬ ያለው እርሱ ይመስለኛል። ሕግ አውጪው ከተናጋሪው የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ወደ ጽሑፉ ሊገባ የሚችል አንድ የተስተካከለ ሐረግ ነው።

ሁለተኛ፦ ክርክሩ የቆመበትን ሕግ ይወቁ

እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛው ማሻሻያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን ይናገራል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይነካ ይደነግጋል። ለረጅም ዘመን የተደረገው ሙግት የመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛውን ይገድባል ወይስ አይገድብም የሚል ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዚህ መልስ የሰጠው በ2008 ነው። ሄለር በሚባለው መዝገብ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ መብቱ የግለሰብ መብት እንደሆነ ወስኖ፣ የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ ክልከላ ሻረ። በ2010 በማክዶናልድ መዝገብ ይኸው መብት ክፍላተ ግዛትንና ከተሞችንም እንደሚያስገድድ ወሰነ። በ2022 በብሩን መዝገብ 6 ለ 3 ሆኖ መብቱ ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝንም እንደሚጨምር አስታወቀ፤ አንድን የቁጥጥር ሕግ ለማጽናት መንግሥት ሕጉ ከአገሪቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ታሪካዊ ልማድ ጋር የሚጣጣም መሆኑን ማሳየት እንዳለበትም ደነገገ። በ2024 ግን በራሂሚ መዝገብ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ ለሌላ ሰው ደኅንነት አስጊ መሆኑ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ የቤት ውስጥ ጥቃት እግድ የወጣበት ሰው ለጊዜው ከመሣሪያ ሊታገድ እንደሚችል አጸና፤ የዛሬው ሕግ ከጥንቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን እንደማይጠበቅበትም አብራራ።

እነዚህን አራት ውሳኔዎች የሚያውቅ ተናጋሪ ከሁለት ከተለመዱ ወጥመዶች ይድናል። የቁጥጥር ደጋፊ የሆነ ሰው "ማሻሻያው የተጻፈው ለሚሊሻ ብቻ ነው" ብሎ ቢጀምር፣ ዳኛ ስቲቨንስ በሄለር መዝገብ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ የተሟገቱለትን አቋም ይደግማል እንጂ በሥራ ላይ ያለውን ሕግ አይናገርም፤ የክፍለ ግዛት ኮሚቴ ደግሞ ይህን ሊለውጥ አይችልም። የመብቱ ተከራካሪም "አይነካ ስለሚል ማንኛውም ቁጥጥር ሕገ ወጥ ነው" ቢል፣ የሄለርን የአብላጫ ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ስካሊያ ራሳቸው ይቃወሙታል። መብቱ ወሰን የሌለው እንዳልሆነ ጽፈዋል፤ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ፣ በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት ሕንፃዎች መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሕጎችን ውሳኔው እንዳልነካቸውም አስታውቀዋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በእውነት ሊከራከሩበት የሚገባው ጥያቄ "ይህ የተለየ ገደብ መብቱ ከሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ነው ወይስ ከወሰኑ ያልፋል?" የሚለው ነው።

ሦስተኛ፦ ነገሮችን በትክክለኛ ስማቸው ይጥሩ

በዚህ ክርክር ውስጥ የቃል ስሕተት የተናጋሪውን እምነት የሚያሳጣበት ፍጥነት ከፍተኛ ነው። ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፤ ሙሉ አውቶማቲኩ ግን ቃታው እንደተሳበ እስካለ ድረስ መተኮሱን ይቀጥላል። ሙሉ አውቶማቲክ መሣሪያ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ምዝገባና ከባድ ቀረጥ የተጣለበት ሲሆን፣ ከ1986 በኋላ የተሠራውን ሲቪል ሰው እንዳይይዝ ተከልክሏል። ኤአር 15 በሚባለው ጠመንጃ ስም ውስጥ ያሉት ፊደላት የተወሰዱት ከመጀመሪያው ሠሪ ድርጅት ከአርማላይት ስም ነው፤ የጥቃት መሣሪያ ማለት አይደለም። በሱቅ የሚሸጠውም ከፊል አውቶማቲክ ነው። "የጥቃት መሣሪያ" የሚለው አጠራር በየሕጉ የተለያየ ትርጓሜ ስላለው፣ ከ1994 እስከ 2004 በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል ክልከላም የራሱን ዝርዝር ስላወጣ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ በፊትዎ ያለው ረቂቅ የሰጠውን ትርጓሜ ይጥቀሱ።

የገዢን ታሪክ ስለ ማጣራትም እንዲሁ። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ገዢውን እንዲያጣራ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል፤ ለዚህ የሚያገለግለው ብሔራዊ ሥርዓት ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ለሌላ ግለሰብ ሲሸጥ ግን የፌዴራል ሕጉ ይህን አያዝም፤ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት በራሳቸው ሕግ ሞልተውታል፤ ቨርጂኒያም በ2020 ሽያጭን በተመለከተ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች፤ ከመጥቀስዎ በፊት ግን አሁን በሥራ ላይ መሆኑን ያጣሩ። "ማንም ሰው ያለ ማጣሪያ ይገዛል" ማለትም "ሁሉም ሽያጭ ይጣራል" ማለትም ከእውነቱ ያፈነገጡ ናቸው።

ለመሣሪያ ባለቤቶች አንድ ምክር አለኝ። ስለ መሣሪያ ያለዎትን ዕውቀት ሌላውን ለማሳፈሪያ አያውሉት። የጥይት መያዣውን ስም የሳተች እናት የተናገረችው ሐዘን በዚያ ስሕተት ውድቅ አይሆንም፤ እርሷን በአደባባይ ለማረም የሚነሣ ተናጋሪም ያልወሰኑትን አድማጮች ለእርሷ አሳልፎ ይሰጣል። እርማቱ ለሕጉ አስፈላጊ ከሆነ በጽሑፍ አስተያየትዎ ውስጥ ያስገቡት።

አራተኛ፦ ቁጥር ሲጠቅሱ ቁጥሩ ምንን እንደሚቆጥር ይናገሩ

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው መረጃ መሠረት በ2023 በአገሪቱ 46,728 ሰዎች በጥይት ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 27,300 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ፣ 17,927 ያህሉ ደግሞ በሰው እጅ የተገደሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለ ወንበዴዎች የሚናገር ሰው አድማጩን ያሳስታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞት የሌላ ሰው ጥቃት አይደለምና። ይሁን እንጂ "አብዛኛው ራስን ማጥፋት ስለ ሆነ ከቁጥር አይገባም" ብሎ ማለፍም ትክክል አይደለም፤ በጭንቅ ሰዓት መሣሪያ በቅርብ መገኘቱ ሙከራውን ወደ ሞት የማድረስ ዕድሉን በብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ በሚገባ የታወቀ ነው። ስለ ራስን ማጥፋት በአደባባይ ሲናገሩ የአፈጻጸም ዝርዝር አይግለጹ፤ አዳራሹ ውስጥ የተነካ ቤተሰብ መኖሩን ያስቡ፤ በእንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ላለ ሰው እርዳታ የሚሰጠው የ988 የስልክ መስመር መኖሩንም ቢጠቅሱ መልካም ነው።

በጅምላ የሚፈጸሙ ተኩሶችን በተመለከተ የሚሰሙት ቁጥሮች እጅግ የሚራራቁት ትርጓሜያቸው ስለሚለያይ ነው። ከተኳሹ ሌላ 4 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በጥይት የተመቱበትን ሁሉ የሚቆጥር መዝገብ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ያገኛል፤ ኤፍቢአይ ሕዝብ በሚገኝበት ቦታ ሰው ለመግደል የሚደረግን ቀጥተኛ ተኩስ ብቻ ሲቆጥር ግን የሚያገኘው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም። ቁጥሩን ሲጠቅሱ ትርጓሜውን በአንድ ሐረግ ከጨመሩ፣ ከእርስዎ በኋላ የሚናገረው ተቃዋሚ የሚይዝበት ቀዳዳ አይኖርም።

መሣሪያ ራስን ለመከላከል ምን ያህል ጊዜ እንደሚውል የሚሰጡት ግምቶች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በዓመት ከአሥር ሺዎች ጀምሮ ከ2 ሚሊዮን በላይ እስከሚሉት ድረስ የተዘረጉ ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከአጠያየቁ ነው፤ የፌዴራሉ የወንጀል ተጠቂዎች ጥናት ጥያቄውን የሚያቀርበው ወንጀል ተፈጽሞብኛል ላለ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ትልቁን ቁጥር ያወጡት ጥናቶች ግን ለሁሉም ተጠያቂ ያቀርባሉ፤ በጥቂት መቶ መላሾች ላይ የሚታይ ትንሽ ስሕተትም ለመላው ሕዝብ ሲባዛ በጣም ይገዝፋል። የመብቱ ተከራካሪ ከሆኑ ትልቁን ቁጥር ይዘው ከመሟገት ይልቅ፣ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መሆኑን ይጥቀሱ፤ ማንም ሊንደው የማይችል መሬት ላይ ይቆማሉ።

የጥናት ማስረጃ ሲፈልጉ የአንዱን ወገን ማኅበር በራሪ ወረቀት ብቻ አይያዙ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በጦር መሣሪያ ሕጎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን በየጊዜው እየመረመረ የትኛው ሕግ ጠንካራ፣ የትኛው ደካማ ማስረጃ እንዳለው ያሳትማል። መሣሪያ ከልጆች እጅ እንዲርቅ የሚያዙ ሕጎች በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ራስን ማጥፋትና ድንገተኛ ጉዳት እንደሚቀንሱ ጥሩ ማስረጃ እንዳለ፣ ስለ ብዙ ሌሎች ሕጎች ግን ማስረጃው የማያወላዳ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ይህን በሐቀኝነት መናገር፣ ለራስዎ ወገን የማይመቸውን ክፍል ጭምር፣ በአድማጭ ዘንድ የሚያስገኘው ክብር በሌላ መንገድ አይገኝም።

አምስተኛ፦ የተቃዋሚዎን ሐሳብ እርሱ ራሱ "አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው" እስኪል ድረስ ይግለጹ

በቀደመው የአገራችን የሙግት ሥርዓት፣ በበልሃ ልበልሃ፣ ተሟጋቹ ባላጋራውን "ተጠየቅ" ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቅ፣ የተባለውንም ሰምቶ በተባለው ላይ ይመልስ ነበር፤ ያልተባለ ነገር አንሥቶ መርታት አይቻልም ነበር። ይህ ልማድ ለኮሚቴ አዳራሽም ይሠራል። በወረቀት ላይ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከዚያ በዚያ ወገን ላለ ለሚያውቁት ሰው አንብበው ልክ መሆኑን ይጠይቁት። ካላመነበት እንደገና ይጻፉ።

የመብቱ ተከራካሪዎች ጠንካራ ሐሳብ "መሣሪያ እንወዳለን" የሚል አይደለም። ፖሊስ ለመድረስ ደቂቃዎች ይወስድበታል፣ አጥቂው ግን አሁን በር ላይ ነው፤ ሕግ አክባሪው ብቻ ሕጉን ስለሚያከብር ሸክሙ በእርሱ ላይ ያርፋል፤ ታሪክም መሣሪያ የማስፈታት ሥልጣን በማን ላይ እንደሚውል አሳይቷል፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በደቡብ የወጡት የጥቁሮች ሕጎች ነፃ የወጡትን ሰዎች መሣሪያ አስፈትተው ለጥቃት አጋልጠዋል። የማክዶናልድ ውሳኔም ይህን ታሪክ በሰፊው ያነሣል፤ ከሳሹ ኦቲስ ማክዶናልድ ሠፈሩ የተበላሸበት ጥቁር ቺካጓዊ አዛውንት ነበሩ።

የቁጥጥር ደጋፊዎች ጠንካራ ሐሳብም "መሣሪያ ሁሉ ይሰብሰብ" አይደለም። በቁጣ፣ በስካር ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ያለ ሰው ሐሳቡን ከመለወጡ በፊት የማይመለስ ነገር እንዳያደርግ ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል፤ የአንዱ መታጠቅ የሌላውን የመናገርና የመሰብሰብ ነፃነት ሊያፍን ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ወላጁ ላደረገው ምርጫ ዋጋ መክፈል የለበትም የሚል ነው።

አንድ ክስተት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል የሪችመንድ ሰልፍ ያሳያል። ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 በቨርጂኒያ ምክር ቤት ዙሪያ 22,000 ያህል ሰዎች ተሰብስበው የመሣሪያ ሕጎቹን ተቃወሙ። አገረ ገዥው ራልፍ ኖርዘም አስቀድመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥተው በምክር ቤቱ ግቢ መሣሪያ እንዳይገባ ከልክለው ስለ ነበር፣ ያልታጠቁት ከአጥሩ ውስጥ፣ የታጠቁት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዋሉ። ቀኑ ያለ ደም መፋሰስ አለፈ። አንዱ ወገን "በሺዎች የሚቆጠሩ የታጠቁ ዜጎች አንድም ሰው ሳይጎዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ" ይላል፤ ሌላው "ግቢው ሰላም የዋለው መሣሪያ ስለ ተከለከለ ነው፣ ብዙ ሰውም ፈርቶ ከቤቱ ቀርቷል" ይላል። ይህን ሰልፍ ለመጥቀስ ካሰቡ የሌላውንም ንባብ አብረው ይጥቀሱ፤ ካልጠቀሱ ቀጣዩ ተናጋሪ ይጠቅስልዎታል።

ስድስተኛ፦ የራስዎን ታሪክ በልኩ ያቅርቡ

የግል ታሪክ አድማጭን እንደሚያነቃ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ከረቂቁ አንቀጽ ጋር መያያዝ አለበት። ሌሊት በታክሲ ሥራ ላይ የተዘረፈ ሰው ስለ መሣሪያ አቀማመጥ ሕግ ሲናገር፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሽጉጥ በረቂቁ መሠረት እንዴት ሊቀመጥ እንደሚገባና ይህ ሥራውን እንዴት እንደሚነካ ቢያስረዳ ይጠቅማል። ዝርፊያውን ብቻ ተርኮ ቢወርድ ኮሚቴው ያዝንለታል እንጂ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም። የሌላ ሰው ሐዘን ከሆነ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አይጥቀሱት።

ብዙዎቻችን የአባት ምንሽር ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሚታይበት ቤት ያደግን ነን፤ ጠመንጃ ለአንዱ የዐድዋ ክብር፣ ለሌላው በየዘመኑ የፈሰሰ የወንድማማቾች ደም ነው። ይህ ስሜት እውነተኛ ስለ ሆነ መደበቅ አያስፈልገውም። ለአሜሪካ ሕግ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን አያስኬድም፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ በአሜሪካ ክርክሩ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። የአገር ቤት ትዝታዎን የአቋምዎ መነሻ እንጂ የአቋምዎ ማረጋገጫ አድርገው አያቅርቡት።

እዚህ ላይ በጣም ሊታሰብበት የሚገባ የሕግ ጥንቃቄ አለ። የኮሚቴ ስብሰባ ይቀረጻል፣ ለሕዝብም ይለቀቃል። የፌዴራል ሕግ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሪቱ የሚኖርን ሰው፣ እንዲሁም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በጊዜያዊ ቪዛ የገባን ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በትምህርት ቪዛ ያሉ ወይም የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ ሰዎች "እኔም ቤቴ ሽጉጥ አለኝ" ብለው በአደባባይ ከመናገራቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርባቸዋል። ይህን ማንም ሳይነግራቸው የሚቀርቡ ወገኖች እንዳይጎዱ እሠጋለሁ።

ሰባተኛ፦ ሁለቱን ደቂቃ ይጻፉ

ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው፤ አንዳንዴም ተናጋሪ ሲበዛ ያጥራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንነትዎ፣ አቋምዎ፣ የተቃዋሚው ስጋት፣ አንድ ማስረጃና አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃሉ። መሣሪያ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚያዝ ረቂቅ ቀርቧል እንበል። ደጋፊው እንዲህ ሊል ይችላል፦

"ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤ የሁለት ልጆች አባትና የዚህ ካውንቲ ነዋሪ ነኝ፤ ረቂቁን እደግፋለሁ። ቤቱን ለመጠበቅ መሣሪያ የያዘ ጎረቤቴ፣ መቆለፊያው በጨለማ ሰዓት ያዘገየኛል ብሎ እንደሚሰጋ አውቃለሁ፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የሄለር ውሳኔ የዲሲን ግዴታ የሻረው መሣሪያው በማንኛውም ጊዜ ለመከላከያ እንዳይውል ስላደረገ ነው፤ በዚያው ውሳኔ ግን አደጋን ለመከላከል የሚወጡ የአቀማመጥ ሕጎችን እንደማይነካ ተጽፏል። ይህ ረቂቅ ባለቤቱ መሣሪያውን በእጁ ወይም በአጠገቡ ይዞ ሳለ እንዲቆልፍ አያስገድደውም። መሣሪያው ከባለቤቱ በራቀበት ሰዓት ብቻ እንዲቆለፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እንድታጸድቁት እጠይቃለሁ።"

ተቃዋሚው ደግሞ፦

"ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ሱቅ አለኝ፤ ፈቃድ ያለው መሣሪያም ባለቤት ነኝ። ማንም ልጅ የወላጁን ሽጉጥ አንሥቶ እንዲጎዳ አልፈልግም፤ የእኔም ተቆልፎ ይቀመጣል። የምቃወመው ረቂቁ ልጅ በሌለበት ቤት ያለውንም ሰው ስለሚያስገድድና ቅጣቱ ገንዘብ ሳይሆን እስራት ስለ ሆነ ነው። ጥሩ መቆለፊያ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በዚህ ምክንያት መብቱን እንዲያጣ አይገባም። ልጅ ለሌለበት ቤት የማይሠራ እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ጥፋት በገንዘብ እንዲቀጣ፣ ካውንቲውም መቆለፊያ በነፃ እንዲያድል ተደርጎ ቢሻሻል ተቃውሞዬን አነሣለሁ።"

ሁለቱም ተናጋሪዎች አንዱ የሌላውን ስጋት በስሙ ጠርተው አክብረዋል፤ ሁለቱም ኮሚቴው ሊፈጽመው የሚችል ነገር ጠይቀዋል። ሁለተኛው በተለይ የመፍትሔ በር ከፍቷል፤ እኔ ኮሚቴ ውስጥ ብሆን ከስብሰባው በኋላ ፈልጌ የማነጋግረው እርሱን ነው። ጽሑፍዎን ሲጨርሱ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በሰዓት ያንብቡት፤ ከጊዜው ካለፈ ፍጥነትዎን ሳይሆን ጽሑፉን ይቀንሱ።

ስምንተኛ፦ በአዳራሹ ውስጥ

የምዝገባውና የጽሑፍ አስተያየት ማስገቢያው ጊዜ ከስብሰባው ቀን በፊት ሊዘጋ ስለሚችል የምክር ቤቱን መመሪያ ቀድመው ያንብቡ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ በጊዜ ይጠይቁ፤ በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በአማርኛም እንዲያቀርቡ ያዛል፤ በሌላ ቦታ ግን እንዳለ አድርጎ መገመት አይገባም። የታጠቁ ሰው ከሆኑ ብዙ የምክር ቤት ሕንፃዎች መሣሪያ ይዞ መግባትን በሕግ እንደሚከለክሉ አይዘንጉ።

ንግግርዎን ለሰብሳቢው ያድርጉ እንጂ ወደ ተቃዋሚዎችዎ አይዙሩ። "ገዳዮች"፣ "ልጆቻችሁን አትወዱም"፣ "ፈሪዎች" የሚሉት ቃላት ሲወረወሩ ቢሰሙም አይመልሱ። ከእርስዎ በፊት ልጇን ያጣች እናት ከተናገረች፣ በምንም ወገን ይሁኑ፣ ንግግርዎን ከመጀመርዎ በፊት ሐዘኗን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይካፈሉ፤ ይህን የምለው ለስልት ብዬ አይደለም፣ ሰው የመሆን ግዴታ ስለ ሆነ ነው።

የኮሚቴ አባል ጥያቄ ቢያቀርብልዎ ደስ ይበልዎ፤ ጥያቄው ተጨማሪ ጊዜ ነው። ጥያቄውን እስኪጨርስ ይጠብቁ፣ መልሱን "አዎ" ወይም "አይደለም" በሚለው ይጀምሩ፣ ከዚያ ምክንያቱን ያስከትሉ። የማያውቁት ከሆነ "ይህን አጣርቼ በጽሑፍ እልክልዎታለሁ" ይበሉ። ጥያቄው ሊያናድድዎ የታሰበ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ2016 በሚኒሶታ፣ ፈቃድ ያለው መሣሪያ እንደያዘ ለፖሊስ ተናግሮ ሳለ የተገደለውን የፊላንዶ ካስቲልን ጉዳይ አንሥተው "እንግዲህ ፈቃድ ምን ይጠቅማል?" ሊሉዎ ይችላሉ። ጉዳዩ የሕዝብ ቁስል መሆኑን ይቀበሉ፤ ከዚያ በፊትዎ ያለው ረቂቅ የፖሊስ ፍተሻን ይነካ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በእርጋታ ይመልሱ።

ዘጠነኛ፦ ከስብሰባው በኋላ

በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የተጠየቁትን መረጃ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ይላኩ። የጠቀሱት ቁጥር ስሕተት ሆኖ ካገኙት ሌላ ሰው ከማንሣቱ በፊት ራስዎ ያርሙት። ረቂቁ በኮሚቴው ካለፈ ወደ ሙሉ ምክር ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ምክር ቤት ስለሚሻገር፣ እዚያም ሌላ የአስተያየት ቀን ይኖራል፤ የረቂቁ ጽሑፍ በመካከሉ ሊለወጥ ስለሚችል ሁለተኛውን ንግግር ከማዘጋጀትዎ በፊት አዲሱን ቅጂ አውርደው ያንብቡ። የራስዎን ሠፈር የሚወክለውን ሕግ አውጪ ደግሞ በቀጠሮ ያግኙት፤ በአዳራሹ ከሚሰጥዎት ሁለት ደቂቃ በቢሮው የሚሰጥዎት 15 ደቂቃ ይበልጣል። ከእርስዎ ጋር በተቃራኒው ወገን የተናገረውን ጎረቤትም ይዘው ቢሄዱና የተስማማችሁበትን አንድ ማሻሻያ በጋራ ብታቀርቡ፣ ሕግ አውጪው ከሁለታችሁም ለየብቻ ከሚሰማው በላይ በቁም ነገር ይመዘግበዋል።